ካርቶኑን ተዉትና ማካሮኑን ቅመሱ

ወገኖቼ፣ ከፓሪስ የሚመጣ ማካሮን በእኛ ሰው ቤት የሚቀመሰው በምላስ አይደለም፤ በዓይን ነው። መጀመሪያ ካርቶኑ ይታያል፣ ከዚያ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሪቫኑ ሳይፈታ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን «ውይ ሲጣፍጥ!» መባሉ አይቀርም። ይህን ስጽፍ የሚቀየምም አይጠፋም። ይቀየም፣ ግን አንብቦ ይጨርስ።

ነገሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ «ለእንግዳ የሚሆን ማካሮን ከየት ይገዛ?» ብዬ አንዲት መስመር ጣል አደረግሁ። እናንተ ደግሞ ስለ አገር ጉዳይ ስጽፍ ዝም የምትሉት ሰዎች ግር ብላችሁ መጣችሁ። ግማሻችሁ «ላዱሬ ካልሆነ ማካሮን አይባልም» አላችሁ። ግማሻችሁ «ላዱሬ የቱሪስት ነው፣ የገባው ሰው የሚገዛው ፒየር ኤርሜ ነው» ብላችሁ ተከራከራችሁ። ከዱባይ አንዱ ወዳጄ «እኛም አገር ላዱሬ አለ፣ አትኩራሩ» አለ። ከቨርጂኒያ አንዷ እህት ደግሞ «ስኳር በስኳር ነው፣ ለዚህ ነው የምትጨቃጨቁት?» ብላ ወጣች።

ያን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። ስለ ጣዕሙ የጻፈ አንድም ሰው የለም። የየትኛው ቅርፊት ቶሎ ይሰበራል? የየትኛው ክሬም ይበዛል? የየትኛው ፒስታቺዮ እውነት ፒስታቺዮ ይላል? ዝም። ሁላችሁም የጻፋችሁት የሱቅ ስም ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሻይ አፍሉ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ማካሮን መኮሮኒ አይደለም። ስማቸው ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው፤ ዝምድናቸው እዚያ ላይ ያበቃል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከኮኮናት ከሚሠራው ማካሩን ጋር አታምታቱት፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የምናወራው ስለዚያ ባለ ቀለም፣ ክብ፣ ሁለት ቅርፊት ተገጣጥሞ መሐሉ ክሬም ስላለበት ነው።

ቅርፊቱ የሚሠራው ከአልሞንድ ዱቄት፣ ከስኳርና ከእንቁላል ነጩ ነው። የስንዴ ዱቄት የለውም። «እንግዲያው የጾም ነዋ!» ብሎ በፍልሰታ የበላ ሰው አውቃለሁ። አይደለም። እንቁላል አለበት፣ ክሬሙ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ ወይም የወተት ክሬም አለ። ንስሐ አባታችሁን እኔ ላይ እንዳትልኩብኝ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ቀላል አይደለም። የእንቁላሉ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታል። አንዳንዱ ባለሙያ ስኳሩን እንዲሁ ይጨምርበታል፤ ሌላው ደግሞ ወደ 118 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ትኩስ የስኳር ሽሮፕ በቀጭኑ እያፈሰሰበት ይመታዋል፤ ይህኛው የጣሊያን ዘዴ ይባላል። ከዚያ አረፋው ከአልሞንዱና ከስኳሩ ዱቄት ጋር ይዋሃዳል። ሙያው እዚህ ጋ ነው። ማዋሃዱ ካነሰ ጫፉ ሾጥጦ ይቀራል፤ ከበዛ ሊጡ ተዘርግቶ ቂጣ ይሆናል። በጨርቅ ከረጢት ተጨምቆ ትሪ ላይ ከተደረደረ በኋላ ፊቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ምድጃ ሲገባ ውስጡ ያለው እንፋሎት በደረቀው ፊት መውጣት ስለማይችል ከታች በኩል ይገፋል። በየማካሮኑ ሥር ዙሪያውን የምታዩት ጥርስ ጥርስ ያለ ጠርዝ የሚፈጠረው እንደዚያ ነው። ፈረንሳዮች «እግር» ይሉታል። እኔ ዕድሜዬን በቧንቧና በግፊት ስሌት ላይ ያጠፋሁ ሰው ነኝና፣ በማስጌጫ ሳይሆን በእንፋሎት ግፊት የተሠራ ጌጥ ሳይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

አሁን ልብ በሉ፤ ቀለሙ ጣዕም አይደለም። አረንጓዴው ቅርፊትም ሮዙም ቅርፊት ሲቀመስ በአብዛኛው ያው አልሞንድና ስኳር ነው። ጣዕሙ ያለው መሐሉ ላይ ነው። ቀለሙ ምልክት ብቻ ነው። ደማቅ ነጭ ለማድረግ ይጨመር የነበረውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ነገር ፈረንሳይ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ከምግብ አስወጥታዋለች። ስለዚህ «ቀለሙ ደመቅ ያለው ይሻላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ልብስ እየመረጠ እንደሆነ ንገሩት።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ላዱሬ በ1862 ሩ ሯያል በሚባለው የፓሪስ መንገድ ላይ ሲከፈት ተራ ዳቦ ቤት ነበር። ሉዊ ኤርነስት ላዱሬ የሚባል ሰው ነው የከፈተው። በ1871 በፓሪስ ኮሚውን ዐመፅ ጊዜ ተቃጠለ፣ ከዚያ ኬክ ቤት ሆኖ ተነሣ። ሁለቱን ቅርፊት በክሬም ያጣበቀው የቤተሰቡ ሰው ፒየር ዴፎንቴን ነው ይላሉ። ዠርቤ የሚባል ሌላ ኬክ ሠሪ ነው የጀመረው የሚሉም አሉ፤ ድሮ ይህ ዓይነቱ ማካሮን በዚያ ሰው ስም ይጠራ ነበር። ልብ ካላችሁ፣ ዛሬ ስሙ በካርቶን ላይ ያለው ሰውዬ ማካሮን አልፈለሰፈም። ዳቦ ነበር የሚጋግረው።

ከዚያም በፊት ማካሮን ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1792 ገዳማት ሲዘጉ፣ ናንሲ ከተማ ውስጥ ሁለት መነኮሳት ጎዳና ላይ እንዳይወድቁ ማካሮን እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። ፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ክሬም የሌለው፣ ቀለም የሌለው ማካሮን። ዛሬም ናንሲ ውስጥ ይሸጣል፤ በስማቸው የተሰየመ መንገድም አለ። ሁለት ሴቶች የዕለት እንጀራቸውን ለማግኘት የጋገሩት ነገር ነው። ይህን የምነግራችሁ «ማካሮን የነገሥታት ምግብ ነው» እያላችሁ ለእንግዳ ስታወሩ ስለምሰማ ነው።

ፒየር ኤርሜስ? የአልዛስ ልጅ ነው፣ ከኬክ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደ። በ14 ዓመቱ ጋስቶን ለኖትር የሚባል ታላቅ ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በኋላ ፎሾን የሚባለው ቤት ውስጥ ዓመታት ሠራ። እና አሁን ስሙኝ፣ ከፎሾን ወጥቶ የሄደው ላዱሬ ነው! ከዚያ በ1998 በስሙ የመጀመሪያውን ሱቅ ቶኪዮ ከፈተ፤ ፓሪስ ሩ ቦናፓርት ላይ የከፈተው በ2001 ነው። እናንተ በኮሜንት እንደ ሁለት ጎሣ የምታዋጓቸው ሁለት ስሞች አንድ ወጥ ቤት የተገናኙ ናቸው። ባለቤቶቹ ያልተጣሉበትን እናንተ ከስቶክሆልም እስከ ዳላስ ትጣሉበታላችሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

አንዲት እህታችን አለች፤ ስሟን አልጠራም። እዚህ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። ቋንቋውን ተምራ፣ ሲኤፒ የሚባለውን የኬክ ሥራ የምስክር ወረቀት ወስዳ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት ተነሥታ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ የምትገባ ልጅ ናት። ሥራዋ በቀን ስንት ትሪ ማካሮን እንደሆነ እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ። አንድ ክርስትና ላይ ራሷ የሠራችውን ማካሮን በፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ሪቫን የለው፣ ስም የለው። በዚያው ቀን ሌላ እንግዳ የታወቀ ሱቅ ካርቶን ይዞ ገባ።

የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ሁላችሁም ቤት ሆኗል። ካርቶኑ ገበታው መሐል ተቀመጠ። የልጅቷ ዕቃ ከጀርባ ከአምባሻው ትሪ ሥር ገባ። አንዲት እናት ከፈት አድርገው አዩና «የኔ ልጅ፣ ይሄ የቤት ነው?» አሏት። «አዎ እትዬ፣ የቤት ነው» አለች። «በርቺ» ብለው ከደኑት። በክፋት አይደለም፤ እሳቸው ደግ ሴት ናቸው። ግን ከደኑት። እኔ ሁለት አነሣሁ፣ ሁለት ልጆችም አነሡ፤ የቀረው እንዳለ ተመለሰ። የካርቶኑ ማካሮን ግን በደቂቃ አለቀ። ካርቶኑ ራሱ ታጥፎ እንኳ አልተጣለም፤ እመኑኝ፣ ዛሬ የእጣን ማስቀመጫ ሆኖ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል።

የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባል የለ? ይኸው ነው። ያቺ ልጅ የምትሠራበት ቤት ማካሮኗን በሚያምር ካርቶን አድርጎ ለፈረንጅ ሲሸጠው ጣት ያስቆረጥማል። የዚያችው ልጅ እጅ በፕላስቲክ ዕቃ ሲያመጣው «የቤት ነው»። እጁ አንድ ነው፣ ምድጃው ነው የተለየው። ታዲያ የከፈልነው ለምኑ ነው?

ይህ ነገር እኔን የሚያንገበግበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የውኃ መስመር የዘረጋሁ መሐንዲስ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ማስረጃዬን የተቀበሉኝ ሰዎች የከፈቱት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው፤ የማያውቁትን የከተማ ስም አይተው መለሱልኝ። ውስጡን አልቀመሱም። አብዛኞቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ነርሱ፣ አካውንታንቱ፣ መምህሩ። በእኛ ላይ ሲደረግ «አድልዎ ነው» ብለን እንጮሃለን፤ ትክክልም ነን። እሑድ ቀን ደግሞ በገዛ እህታችን ላይ ያንኑ ራሱን እናደርገዋለን፣ እያጨበጨብን።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ሰው ጠራሁ። ከላዱሬ ገዛሁ፣ ከፒየር ኤርሜ ገዛሁ፣ ልጅቷንም ሥሪልኝ አልኳት፤ ገንዘቡን በግድ ሰጠኋት። ሦስት ጣዕም መረጥን፤ ፒስታቺዮ፣ ቸኮሌትና ካራሜል። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ ሳህኖቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በየጣዕሙ አዘበራርቃ ቁጥር ለጠፈችባቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እኔም ጭምር። ካርቶኖቹ መኝታ ቤት ተቆለፈባቸው። ሰባት ሰዎች ነበርን። ከሰባቱ ሦስቱ ገና ሳይቀምሱ «እኔ ላዱሬን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ያሉ ናቸው።

መልሱን ከመናገሬ በፊት ያስተዋልነውን ልንገራችሁ። ሁለቱ ታላላቅ ቤቶች በእውነት ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም ክብር የሚገባው ልዩነት ነው። የላዱሬ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ጥርስ ሲነካው ቀጨም ብሎ ይሰበራል። ክሬሙ በልክ ነው፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለና የለመዳችሁት ዓይነት ነው። ቸኮሌት ቸኮሌት ነው፣ ቫኒላ ቫኒላ ነው፤ አያስደነግጥም። ከሻይ ጋር ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው የተሠራ ነው። የኤርሜ ደግሞ ክሬሙ ወፍራም ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ክዳን ብቻ ይመስላል፣ ዋናው ወሬ መሐሉ ላይ ነው። ጣዕሞችን ማጋባት ይወዳል። ኢስፋሃን የሚለው ጽጌረዳ፣ ሊቺና እንጆሪ በአንድ ላይ ነው። ሞጋዶር የሚለው ፓሽን ፍሩትን ከወተት ቸኮሌት ጋር ያጋባል፤ ኮምጣጣው ጣፋጩን እየቆረጠው ይሄዳል። ለብቻው ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው የተሠራ ነው። «የቱ ይበልጣል?» ማለት «ክራር ይበልጣል ወይስ በገና?» እንደ ማለት ነው። ምን ልትሰማ ነው የፈለግኸው?

አሁን ውጤቱ። በፒስታቺዮ አብዛኛው ሰው የመረጠው የኤርሜን ነው። ፒስታቺዮ እውነት ፒስታቺዮ ሲሆን የተቆላ እህል ጣዕም አለው፤ መራራ አልሞንድ ብቻ የሚሸት «ፒስታቺዮ» ባየችሁ ቁጥር ተጠራጠሩ። በካራሜል ላዱሬ አሸነፈ፤ ጨው ጣል የተደረገበት ካራሜል የቤቱ ኩራት ነው፣ ይገባዋልም። በቸኮሌት ግን ከሰባት አራት ሰው የልጅቷን መረጠ። ሳህን ቁጥር ሁለት። ከአራቱ ሁለቱ እነዚያ «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ያሉት ናቸው፤ ሁለቱም «ላዱሬ ነው» ብለው ጽፈዋል።

ልጅቷን ለማሞካሸት ውሸት አልጨምርም። ካራሜሏ ጣፋጭነቱ በዛ፣ ቅርፊቱም ትንሽ ጠንከር አለ። እሷ ራሷ ቀምሳ «ይሄ አንድ ቀን በፍሪጅ ማደር ነበረበት» አለች። ያ ነው ባለሙያ! ስሙን ሳይሆን ሥራውን የሚያይ። ታላላቆቹ ቤቶች ደግሞ ውሸታሞች አይደሉም፤ ዝናቸውን ያገኙት በሥራ ነው። ውሸቱ ያለው ሳንቀምስ በምንፈርደው በእኛ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ተነሥቶ እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ። በየተራ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ይሄ ሁሉ እኮ የፋብሪካ ነው፣ በረዶ ሆኖ የሚጓጓዝ ነው፣ ማጭበርበር ነው» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ረጋ በል። ማካሮን እንጀራ አይደለም፤ ከምጣድ እንደወጣ አይበላም። ክሬሙ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ ብሎ ወደ ቅርፊቱ እንዲገባ አንድ ቀን ያህል ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል። ውጭው ስስ ሆኖ ውስጡ ለስላሳ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ስኳርና ቅባት የበዛበት ነገር ስለሆነም ማቀዝቀዝን ከብዙ ኬክ ይልቅ ይችላል፤ ቀስ ብሎ በፍሪጅ ከቀለጠ ለመለየት ትቸገራለህ። ኤርሜም ቢሆን አልዛስ ውስጥ ቪተልሃይም በምትባል ከተማ ትልቅ ማምረቻ አለው፤ በየሱቁ ጓዳ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ በእጁ የሚጨምቅልህ መስሎህ ከሆነ ማስታወቂያ አይተሃል። ላዱሬን ደግሞ በ1993 የገዛው ፖል የሚባለውን ዳቦ ቤት በየከተማው የዘረጋው የሆልደር ቤተሰብ ነው። ያው ቡድን ሻቶ ብላን በሚባለው ፋብሪካው ለፈረንሳይ ማክዶናልድ ማካሮን ያቀርብ ነበር። አሠራሩ አንድ ነው አላልኩም፤ ባለቤቱ አንድ ነበር ነው ያልኩት። በ2021 ላዱሬ እንደገና ለሌላ ባለሀብት ተሸጧል። ፋብሪካ ኃጢአት አይደለም። ሪቫኑን አይቶ «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ ራስን ማታለል ነው ጥፋቱ።

ሁለተኛው «ስኳር በስኳር ነው» የሚለው ነው። እሺ፣ ጣፋጭ ነው፤ አልክድም። ስኳሩ ግን ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አረፋውን የሚያቆመው እሱ ነው። ብትቀንሰው ቤቱ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ጥሩ ባለሙያ መሐሉን በኮምጣጣ፣ በመራራ ወይም በጨው የሚያመጣጥነው። ጥቁር ቸኮሌት፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ጨው ያለው ካራሜል የሚጣፍጡት ስለዚህ ነው። «ስኳር በስኳር» የሆነ ማካሮን የቀመስክ ከሆነ መጥፎ ማካሮን ነው የቀመስከው። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ቡና ጠጥቶ «ቡና መራራ ነው» ብሎ የሚደመድም ፈረንጅ ሲያጋጥምህ ምን ትለዋለህ? ያንኑ ለራስህ በለው።

ሦስተኛው ደግሞ በጣም የሚያስቸግረኝ ነው። «ብራዘር፣ ስጦታ እኮ ነው! ሰው የሚደሰተው በስሙ ነው» ይለኛል። ይህ እውነት አለው። ከኤርፖርት የማመላልሳቸው ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን ያለ ሐሳብ ይሰጡኛል፤ ያን ካርቶን ግን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ይዘውት ነው የሚሄዱት። ገብቶኛል። አያቴም ከአዲስ አበባ የመጣ ብስኩት ቆርቆሮ ነበራት፤ ብስኩቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ መርፌና ክር ነበር ያለበት። ለእናትህ የፓሪስን ስም መላክ ከፈለግህ ላክ፤ ደስታ ነው። አንዷ ፍሬ ሦስት ዩሮ ገደማ በምትጠጋበት ቤት ከሦስቱ ዩሮ የተወሰነው የካርቶንና የሻንዜሊዜ ኪራይ መሆኑን አውቀህ ላክ። እኔ የምቃወመው ስጦታውን አይደለም። ስጦታው ባለበት ገበታ ላይ የባለሙያዋን ሳህን መክደን ነው የምቃወመው። ለስም መክፈልና በስም መፍረድ ይለያያሉ።

ደግሞ እኮ አናውቅ ሆነን አይደለም! በዓለም ላይ እንደ እኛ ቅምሻ የሚያውቅ ማን አለ? በአገራችን በምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ቡና እንዴት ነው ደረጃ የሚወጣለት? ናሙናው በኮድ ይመጣል። የባለቤቱ ስም የለም፣ የሀብታም ነው የድኻ ነው አይባልም። ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ፣ አፉ ውስጥ አንከባሎ ይተፋዋል፤ አሲዱን፣ ጥፍጥናውን፣ ጉድለቱን በቁጥር ይጽፋል። ስም የሚገለጠው ምላስ ከፈረደ በኋላ ነው። እናቶቻችንስ? ጠላ ፉት ብለው «ጌሾው በዝቷል» የሚሉ፣ ወጥ ሸትተው «ሽንኩርቱ ሳይበስል ነው በርበሬው የገባው» የሚሉ ሴቶች ልጆች ነን። ጠጅ ቤት ሲገቡ ብርሌውን አይተው የሚፈርዱ አባቶች አልነበሩንም፤ ቀምሰው ነበር የሚፈርዱት። ይህ ሁሉ እውቀት ያለው ሕዝብ አረንጓዴ ካርቶን ሲያይ ምላሱ የሚታሠረው ለምንድን ነው?

መልሱን እኔ ልናገር። ያፈርን ስለሚመስለን ነው። «ይህን አልወደድኩትም» ማለት ያልሠለጠነ ያስመስለናል ብለን እንፈራለን። ፈረንሳዊው ግን አይፈራም። የእኔ ተሳፋሪዎች፣ ፓሪስ የተወለዱት፣ ስለ ሰፈራቸው ዳቦ ቤት ሲያማርሩ ብትሰሙ! «ከበጋ ወዲህ ክሩዋሳኑ ተበላሽቷል፣ ቅቤ ቀይረዋል» ይላሉ። በገዛ ምላሳቸው ይተማመናሉ። ከፈረንሳይ መውሰድ ካለብን መውሰድ ያለብን ይህንን ነው፤ ካርቶኑን አይደለም።

እንግዲህ ተግባራዊውን ልጻፍና ላብቃ፤ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

ልታወዳድሩ ከፈለጋችሁ ከሁለት ቤት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጣዕም ግዙ። የዚህን ቸኮሌት ከዚያኛው ጽጌረዳ ጋር ማወዳደር ዶሮ ወጥን ከቅቅል ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ካርቶኑን ደብቁ፣ ሳህን ላይ ቁጥር ለጥፉ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ በጣም ቀዝቃዛ ሲሆን ምላስ አያውቀውም። ለሁለት ቁረጡት፤ ቅርፊቱ ከሥሩ ባዶ ዋሻ ካለው ሊጡ ወይም ምድጃው ላይ ችግር ነበረ ማለት ነው፣ ክሬሙ እስከ ጠርዙ ካልደረሰ ደግሞ ተቆጥቦላችኋል። ከዚያ መሐሉን ብቻ ቀምሳችሁ፣ ቀለሙን ሳታዩ፣ ምን እንደሆነ በስሙ ጥሩ። መጥራት ካልቻላችሁ ቀለም ነው የገዛችሁት። ይዛችሁ የምትበሩ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ስትደርሱ ፍሪጅ ክተቱት፣ በሦስት በአራት ቀን ጨርሱት። ለክብር ተብሎ እስከ ፋሲካ አይቀመጥም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። በየከተማችሁ፣ ፓሪስም ሆነ ቶሮንቶ፣ ሮምም ሆነ ቤሩት፣ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ በሌሊት ተነሥታ የምትጋግር አንዲት የእኛ ልጅ አለች። የሚቀጥለው ልደት ወይም ምርቃት ላይ ከእሷ እዘዙ። ሙሉ ዋጋ ክፈሉ፤ «የወገን ዋጋ አድርጊልኝ» አትበሏት። ሳህኗን መሐል ላይ አስቀምጡት። ቀምሳችሁ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በሉ፤ ስኳሩ ከበዛ በዝቷል በሉ። «በርቺ» ብሎ መክደን ምርቃት አይደለም።

ከእንግዲህ እዚህ ገጽ ላይ የሱቅ ስም ብቻ ጽፎ ለሚሄድ ሰው መልስ አልሰጥም። የትኛውን ጣዕም እንደበላችሁ፣ ቅርፊቱ እንዴት እንደነበረ፣ መሐሉ ምን እንዳለ ጻፉ። የቀመሰ ይጻፍ፤ ያልቀመሰ ያንብብ።

ቸር ሰንብቱልኝ።